ከለቅሶ የቀደመ ሳቅ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ሊስቅ ይችላልና። አባባሉ ብዙ ጊዜ ግብዝነትን ለመንቀፍ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ሐዘንና ሳቅ በአንድ ፊት ላይ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉም ይመሰክራል። ይህን ለማየት ለቅሶ ቤት መቀመጥ ይበቃል።

በቡኮቶ፣ ከነጮቹ ወይም ከቡናማዎቹ ፎቆች በአንዱ፣ አለዚያም ወደ ኪሳሲ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ካገር ቤት መርዶ የተሰማ ዕለት የሚሆነው የታወቀ ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። የመጀመሪያው ቀን የለቅሶ ነው። በማግሥቱ ዝምታው ይበዛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ጨዋታ የሚያውቅ አንድ ሰው ከጥግ ሆኖ ስለ ሟቹ አንድ ነገር ያነሣል፤ በልጅነቱ የሠራውን ሞኝነት፣ ወይም አንድ ጊዜ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ በልቶ የወጣበትን ታሪክ። ሐዘንተኛዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። የሚቆጣ የለም። እንዲያውም ትልልቆቹ «ተመስገን» ይላሉ።

ያው ሰው ያንኑ ጨዋታ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከደጅ ሲገባ ቢያወራው ኖሮ ግን ነውር በሆነ ነበር። ቃሉ አልተለወጠም፤ ተናጋሪውም አልተለወጠም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ያልተጻፈው የለቅሶ ቤት ሕግ «አትሳቅ» አይልም፤ «አስቀድመህ አልቅስ፣ አስቀድመህ ተቀመጥ» ነው የሚለው።

ሐዘኑ የአንድ ቤት ሲሆን ይህ ሕግ ለማንም ግልጽ ነው። ሟቾቹ በሺህና በመቶ ሺህ ሲቆጠሩ፣ ገዳዩም አገር የሚገዛ ሰው ሲሆንስ? እንዲህ ባለ ጨካኝና እርሱ ባደረሰው መከራ ላይ መቀለድ ይገባል ወይ? የሚገባ ከሆነስ ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት?

አንድ ቀን ብቻ የታየው ኮሜዲ

ጥያቄው በግልጽ ከተነሣባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1990 ጋላክሲ በተባለ የሳተላይት ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ አዲስ ሲትኮም ቀረበ። ርእሱ «ሃይል ሃኒ፣ አይም ሆም» የሚል ነው፤ የናዚዎችን ሰላምታ፣ ባል ከሥራ ሲመለስ ለሚስቱ «መጣሁ» ከሚልበት የአሜሪካኖች የቤት ቃል ጋር ያጋባ ርእስ ነው። ደራሲው ጄፍ አትኪንሰን ይባላል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1938 በርሊን ነው። አዶልፍ ሂትለርና ኤቫ ብራውን እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት በአንድ አፓርታማ ይኖራሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ጎልደንስታይን የሚባሉ አይሁዳውያን ባልና ሚስት ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሊን በእንግድነት ይመጣል፤ ሂትለርም ጎረቤቶቹ ድንገት ገብተው እንዳያሳፍሩት ይጨነቃል። አቀራረቡ የ1950ዎቹን የአሜሪካ የቤተሰብ ኮሜዲዎች የሚኮርጅ ነው፤ ተዋናይ በገባ ቁጥር ጭብጨባ፣ ቀልድ በተነገረ ቁጥር የተመልካች ሳቅ ይሰማል።

ያ ክፍል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆነ። ተቃውሞ ተነሣ፤ ከአይሁድ ማኅበረሰብ ወገንም ጠንከር ያለ ነቀፋ ተሰማ። ተከታዮቹ ክፍሎች ለአየር ሳይበቁ ቀሩ። የጣቢያው ባለቤት የነበረው ኩባንያ ራሱ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከተፎካካሪው ከስካይ ጋር ተዋሐደ። ደራሲው በኋላ ሲያስረዳ፣ ዐላማው ሰውን ማስደንገጥ እንዳልነበረ፣ ማሳየት የፈለገው በ1938 ሂትለርን በማባበል ለማብረድ የተደረገውን ከንቱ ድካም እንደነበረ፣ ነገር ግን ሐሳቡ እንዳሰበው እንዳልተላለፈለት ገልጿል።

የደራሲውን ቃል አለመቀበል አይቻልም። ጉልበተኛን ማባበል መዘዙ ምን እንደሆነ ማሳየት በጎ ዐላማ ነው። ታዲያ ስሕተቱ ምን ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው «ሳቅ ነጻ ነው፤ የማይቀለድበት ነገር የለም» ይላል። ሁለተኛው «በሞት አይቀለድም» ይላል። ሁለቱም አጭርና ምቹ ናቸው፤ ሁለቱም አይበቁም።

ሁለተኛውን መልስ የሚያፈርሰው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልሙን ለሕዝብ ያቀረበው በ1940፣ ሂትለር ገና አውሮፓን በመዋጥ ላይ ሳለ ነበር። ፊልሙን ነውር ነው የሚል ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። በአንጻሩ የመጀመሪያውን መልስ የሚያፈርሰውም ራሱ ቻፕሊን ነው። በ1964 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የማጎሪያ ካምፖቹን እውነተኛ አሰቃቂነት ዐውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው ባልቻለ ነበር ሲል ጽፏል። በጨካኙ ላይ በይፋ ለመቀለድ የደፈረው ሰው ራሱ፣ ቀልድን የሚያቆም ነገር እንዳለ መሰከረ ማለት ነው።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በቻፕሊን ፊልም ውስጥ አምባገነኑ ብቻውን አይደለም፤ አንድ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ሰፈሩ ይወረራል፣ ሱቁ ይሰበራል፣ ጎረቤቶቹ ይሸሻሉ። ተመልካቹ በአምባገነኑ እየሳቀ ለፀጉር አስተካካዩ ይፈራል። በእንግሊዙ ሲትኮም ውስጥ ግን ጎልደንስታይኖች ሳይጋበዙ የሚመጡ አስቸጋሪ ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነርሱ መሰል ቤተሰቦች ላይ የሚደርሰው ነገር ጥላው እንኳ በዚያ ሳሎን አያልፍም። ስለዚህ የጎደለው ጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ ሟቹ ራሱ ጎድሏል። የለቅሶ ቤቱ ሰው የሚያጫውተው ስለ ሟቹ ነው፤ ሲትኮሙ ግን ሟቹን ከቤቱ አስወጥቶ ገዳዩን ከነሚስቱ ሶፋ ላይ አስቀመጠው።

ሳቅን የፈሩ

እንዲህ ከሆነ ይከልከል የሚል ሰው አይጠፋም። ክልከላን ግን ማን አብዝቶ እንደወደደው መርሳት አይገባም።

በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ለመኳንንቱ ቀረበ። በአራዊት ተረት ተሸፍኖ የአስተዳደሩን ብልሹነት የሚነቅፍ ነበር። ወርቁ ከሰሙ ሥር ሲታያቸው የተቆጡት ወገኖች ነገሩን አከበዱት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ታገደ። ደራሲው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። አገሪቱ ሕገ መንግሥታቸውን ተቀበለች፤ ሳቃቸውን ግን ለጊዜው መሸከም አልቻለችም።

ፋሺስቶቹ ከዚህ የከፋ አደረጉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከታደኑትና ከተገደሉት ወገኖች መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ተፈራ።

በካምፓላም እንዲሁ ሆኗል። የኡጋንዳ ብሔራዊ ቴአትር ኃላፊ የነበረው ባይረን ካዋድዋ በሉጋንዳ ያዘጋጀው «ኦሉዪምባ ሉዋ ዋንኮኮ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በ1977 ናይጄርያ፣ ሌጎስ ላይ በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ በዓል ቀረበ። የርእሱ ትርጉም የአውራ ዶሮው ዘፈን እንደማለት ነው። ካዋድዋ ከዚያ በተመለሰ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የኢዲ አሚን ሰዎች ወስደው ገደሉት። ተረትንና ዘፈንን እስከ መግደል የሚፈራ መንግሥት፣ በመድረክ ላይ ያለ ሳቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሳያስበው መስክሯል።

ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ጥያቄ አይደለም። መንግሥት «በዚህ አትሳቁ» ባለበት አገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው የሟቹ ክብር ሳይሆን የገዳዩ ነው። የሚቀረው በእያንዳንዱ ሳቂ ኅሊና ላይ የሚወድቀው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ከሩቅ የሚሳቅ ሳቅ

ኢዲ አሚን ከጃኑዋሪ 1971 እስከ ኤፕሪል 1979 ኡጋንዳን ገዛ። የተገደለው ሰው ብዛት ግምቱ ቢለያይም በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠር ብዙዎች ይስማማሉ። በዚያው ዘመን ለንደን ላይ አለን ኮረን የተባለ ጸሐፊ «ፐንች» በተሰኘው የቀልድ መጽሔት በአሚን አፍ የተጻፉ የሚመስሉ መጣጥፎች ያወጣ ነበር። በ1974 እና በ1975 በመጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ፤ በዲስክም ተቀርጸው ተሸጡ። ግድያው በመጣጥፎቹ ውስጥ አልተካደም። ሆኖም አንባቢውን የሚያስቀው በዋናነት የተሰባበረው እንግሊዝኛ ነበር። የሚሳቀው በጨካኙ ነው ወይስ በአፍሪካዊው አነጋገር? ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳቂው ራሱም መለየት ይሳነዋል።

ከዚህም የሚከፋው አሚን ራሱ ማሳቅ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ራሱን የእንግሊዝ ኢምፓየር ድል አድራጊ ብሎ ሰይሟል። በ1975 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ካምፓላ ላይ ሲደረግ፣ በዚያው የሚኖሩ እንግሊዛውያን ነጋዴዎች በወንበር እንዲሸከሙት አድርጎ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ዓለም ሳቀ፤ ከአፍሪካም በቅኝ ገዥዎች ውርደት የተደሰተ ብዙ ነበር። በዚያው ጊዜ ናካሴሮ ላይ የስቴት ሪሰርች ቢሮ፣ ናጉሩ ላይ ደግሞ የፐብሊክ ሴፍቲ ዩኒት ሥራቸውን አላቋረጡም። ናጉሩ ለቡኮቶ ነዋሪ ሩቅ አገር አይደለም፤ በረንዳው ላይ ሆኖ የሚያየው ኮረብታ ነው። ወንበሩን አይቶ የሳቀው የለንደን አንባቢ ያንን ኮረብታ አያውቀውም። በግርጌው ይኖር የነበረው ሰው ግን ማታ የሚቆም መኪና ድምፅ ሲሰማ ወንበሩን አያስታውስም።

በሜይ 2019 ከቡኮቶ ብዙም በማይርቀው፣ በኪራ መንገድ ላይ በሚገኘው የኡጋንዳ ሙዚየም፣ ከመንግሥት ብሮድካስት መሥሪያ ቤት ክምችት የተገኙ የአሚን ዘመን ፎቶግራፎች ለእይታ ቀረቡ። የመንግሥት ካሜራ ያነሣው ያው ሰልፉን፣ ጉብኝቱን፣ ፈገግታውን ነበር። እስር ቤቱንና አስከሬኑን አላነሣም። ዐውደ ርእዩን ያዘጋጁት ሰዎች ዋና ጭንቀታቸውም ይኸው ሆነ፤ ካሜራው ያላያቸውን ሰዎች እንዴት ይታዩ? ጥያቄው ከእንግሊዙ ሲትኮም ጥያቄ ጋር አንድ ነው። የገዳዩ ፊት ክፍሉን ሲሞላው ሟቹ የት ይቀመጥ?

ድንኳን ያልተተከለለት ሞት

ለቅሶ ይቅደም ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ለቅሶው ራሱ የተከለከለ ከሆነስ?

በፌብሩዋሪ 1977 የኡጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ተገደሉ። መንግሥት በመኪና አደጋ ሞቱ አለ። አስከሬናቸው ለካምፓላ ሕዝብ ሳይሰጥ ወደ ሰሜን ተወስዶ በትውልድ አካባቢያቸው ተቀበረ። በናሚሬምቤ ካቴድራል የተቆፈረላቸው መቃብር ባዶውን ቀረ፤ መንግሥት ጸሎቱን ቢከለክልም ሕዝቡ ተሰብስቦ በባዶው መቃብር ዙሪያ ዘመረ። ዛሬ ፌብሩዋሪ 16 በኡጋንዳ የመታሰቢያቸው ሕዝባዊ በዓል ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ቆሞ ቀይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ከሰከሰ። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር በየቤቱ ገባ። ልጁ የተገደለበት ወላጅ የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለበት፣ እናት ማቅ ለብሳ እንዳትወጣ፣ ደጇ ላይ ድንኳን እንዳትተክል የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ብዙ ቤተሰብ መቃብሩን ሳያውቅ ቀረ። መንግሥቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሸሸ፤ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከጠርሙሱ እስከ ሙዚየሙ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

ይህ ከሆነ የጊዜ ርዝመት ብቻውን ፈቃድ አይሰጥም። «ስንት ዓመት ሆነው፤ አሁንማ ይቀለድበት» የሚለው ሰው የሚቆጥረው ከሞቱ ቀን ጀምሮ ነው። ሐዘንተኛው ግን የሚቆጥረው ድንኳን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ነው። ድንኳን ላልተተከለለት ሞት ሦስተኛው ቀን ገና አልደረሰም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለውም ቂምን ለማወደስ አይደለም፤ በሁለቱ ዘንድ ጊዜ እኩል እንደማይሄድ ለማስታወስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ሐዘንተኛ እስኪፈቅድ ሁሉም ዝም ይበል ከተባለ፣ ሐዘንተኛው በሌላው አንደበት ላይ ገዥ አይሆንም ወይ? በዚያ ዘመን ያልነበሩ ልጆችስ ያላዩትን ሐዘን ለዘላለም ሲጠብቁ ይኑሩ ወይ? መቃወሚያው እውነት አለው። በደርግ ዘመን በሹክሹክታ ይነገሩ የነበሩ ቀልዶች የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም፤ ብዙ ሰውም በእነርሱ ተንፍሷል። ሆኖም እነዚያን ቀልዶች የተናገሩት ሰዎች ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ፍርሃቱ የራሳቸው ነበር፤ ከተሰሙ ዋጋውን የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩ። ከውጭ የሚመጣው ሰው ግን ያን ዋጋ አልከፈለም። ስለዚህ የሚጠየቀው ፈቃድ አይደለም፤ መግባት ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ የሟቹን ስም ይጠይቃል፣ የሚነገረውን ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቀልድ ከሆነ፣ ቀልዱ ሟቹን ያውቀዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ቡኮቶ ውስጥ በአንድ ቤት ልደት ተከብሮ ሰው ተሰብስቧል እንበል። ካምፓላ የተወለደ አንድ ወጣት ያንን የአደባባይ ንግግር በቪዲዮ አይቶታል። የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ የመንግሥቱን አነጋገር ያስመስላል። ጎበዝ ነው፤ ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ረከቦቱን ለማየት የሚሄዱ መስለው ወደ ኩሽና ይገባሉ። ምንም አላሉም። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም።

ወጣቱ በደለ ወይ? ያላወቀውን ማንም እንደበደል አይቆጥርበትም። ሳይቆጣጠረው የሳቀው ቤትም በደለኛ አይደለም። የግብረ ገቡ ጥያቄ የሚጀምረው ከኩሽናው በር በኋላ፣ ወጣቱ የሴትዮዋን መቀመጫ ባዶ መሆን ባየ ጊዜ ነው። «ይኼ ትውልድ ሲቀልዱበት አይወድም» ብሎ ማለፍ ይችላል። ደንግጦ ዳግመኛ ያንን ስም ላያነሣም ይችላል፤ ይህኛው ጨዋነት ቢመስልም ሴትዮዋን ከነወንድማቸው ኩሽና ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። ሦስተኛውም መንገድ አለ። በሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ «እትዬ፣ ወንድምዎ ስማቸው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅና መልሱ እስኪያልቅ መቀመጥ ነው።

ያን ቀን ምናልባት ብዙ ያለቅሱ ይሆናል። ምናልባትም ያ ወንድም ራሱ፣ መስኮት ተዘግቶና መጋረጃ ወርዶ፣ ለእኅቶቹ ያንኑ ድምፅ እያስመሰለ ያስቃቸው እንደነበር ይነግሩት ይሆናል። «የኔ ልጅ፣ አንተ ጥሩ አድርገህ አላስመሰልከውም፤ እሱ ሲያደርገው ነበር ማየት» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዱ ይሆናል።